የሚዞረው ምንድን ነው?

መርካቶ ውስጥ የተቃጠለ ሞተር አይጣልም። ከበርበሬ ወፍጮ፣ ከእንጨት መሰንጠቂያ ወይም ከውኃ ፓምፕ ላይ ተፈትቶ፣ በጋሪ ካልሆነም በሰው ጫንቃ፣ ሪዋይንዲንግ ወደሚሠራበት ጠባብ ሱቅ ይሄዳል። ብሎኑ ይፈታል፣ ሮተሩ ይወጣል፣ የከሰለው ሽቦ እየተቆረጠ ይነቀላል፣ በቦታው አዲስ መዳብ ይጠመጠማል። አሮጌው መዳብ በኪሎ ተመዝኖ ይሸጣል። ከዓመታት በኋላ ያው ሞተር ተመልሶ ይመጣል፤ አሁን ደግሞ ኩሽኔታው ይቀየርለታል፣ ዘንጉ ቶርኖ ቤት ይላካል፣ የተሰነጠቀው ክዳን ይበየዳል። ከፋብሪካ ይዞት ከወጣው አካል እየቆየ የሚቀርለት ጥቂት ነው። ባለ ወፍጮው ግን "ሞተሬ" ማለቱን አይተውም።

እውነቱን ነው ወይ? ያ ሞተር ያው ሞተር ነው የምንለው በምኑ ነው? ግሪኮች ጣውላዋ አንድ በአንድ ስለተተካ መርከብ ይህንኑ ጠይቀዋል። የሞተሩ ጥያቄ ግን ይብሳል እላለሁ። መርከብ ጣውላዋ ቢቀየርም ቅርጿ ለዓይን ይታያል፤ የሞተርን ሥራ የሚሠራው ግን በዓይን አይታይም። ስለዚህ አስቀድሞ መመርመር ያለበት ሌላ ነገር ነው፦ ሞተርን የሚያዞረው ምንድን ነው?

ዘንጉን የያዘውን ሮተር በዙሪያው ካለው ቋሚ አካል፣ ከስቴተሩ፣ የሚለየው የአየር ክፍተት በመካከለኛ ሞተር ላይ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ ግን ክፍተት ነው። ሮተሩ በሁለት ጫፉ ኩሽኔታ ላይ ከመቀመጡ በቀር የሚነካው የለም። ተራው የሦስት ፌዝ ሞተር ሮተር ሽቦ እንኳ አይሄድለትም፤ በላሜራ ክምር ውስጥ የተቀበሩ የአሉሚኒየም ዘንጎች ብቻ ናቸው ያሉት። ይህ በምንም ያልተነካ ብረት ቺንጋውን ይስባል፣ ቺንጋው ፑሌጃውን፣ ፑሌጃው ወፍጮውን፤ በርበሬው በኩንታል ይደቅቃል። ሳይነካ የሚገፋ ምን አለ?

ይህ ጥያቄ ታላላቆቹንም አስጨንቋል። ኒውተን እንኳ፣ የስበትን ሕግ የጻፈው ሰው፣ አንድ ነገር በባዶ ቦታ ተሻግሮ ሌላውን ያለ አገናኝ ይገፋል ማለት ማሰብ የሚችል ሰው የማይቀበለው ነገር እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1693 ለአንድ ወዳጁ በደብዳቤ ጽፏል። በ1820 ዴንማርካዊው ኧርስቴድ ከረንት የሚሄድበት ሽቦ አጠገቡ ያለውን የኮምፓስ መርፌ እንደሚያነቃንቅ አየ። በማግስቱ ዓመት በለንደን ማይክል ፋራዴይ በሜርኩሪ በተሞላ ዕቃ መካከል ማግኔት አቁሞ፣ ከላይ ሽቦ አንጠልጥሎ፣ ከረንት ሲለቅበት ሽቦው ማግኔቱን መዞር ጀመረ። ለወፍጮ ቀርቶ ለምንም የማይበቃ ጉልበት ነበር፤ የሞተሮች ሁሉ አባት ግን እርሱ ነው። ፋራዴይ ባዶውን ቦታ ባዶ አላለውም። በማግኔቱና በሽቦው ዙሪያ የኃይል መስመሮች ተዘርግተዋል፣ ገፊዎቹም እነርሱ ናቸው አለ። ያንን ነው ዛሬ መግነጢሳዊ መስክ የምንለው።

መስክ የምትለው ላላወቅኸው ነገር የወጣ ስም እንጂ ነገር አይደለም ቢሉ፣ መልሱ እዚያው ሱቅ ውስጥ ይገኛል። ሞተር በጭነት እየሠራ ሳለ ማብሪያ ማጥፊያው ኮንታክተር ሲለቅ በሚለያዩት ጫፎች መካከል ብልጭታ ይዘላል። መንገዱ ተቆርጦ ሳለ አየሩን ሰንጥቆ የሚያልፈው ያ ከረንት ጉልበቱን ከየት አገኘው? በጥምጥሙ ዙሪያ ባለው መስክ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ መስኩ ሲፈርስ ይዞት የነበረውን መለሰ። ባዶ ስም ጉልበት አያስቀምጥም፣ የኮንታክተር ጫፍም አይበላም። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በየጊዜው የሚቀይራቸው እነዚያ የተበሉ ጫፎች የመስክን መኖር ይመሰክራሉ፤ ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አያስፈልገኝም።

መስክ እንዳለ ከተቀበልን ግን ከቀድሞው የሚከብድ ጥያቄ ይመጣል። ቋሚ መስክ መርፌን አንዴ ያዞርና ያቆመዋል፤ ማግኔት ማግኔትን ስቦ ከያዘ በኋላ ዝም ነው። ወፍጮ የሚፈልገው የማያቋርጥ ዙረት ነው። የስቴተሩ ብረት በብሎን ታስሯል፣ ሽቦው በቫርኒሽ ደርቋል፣ አንዳቸውም ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም። ታዲያ የሚዞረው ማነው?

ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠው አንዱ ሲያጨበጭብ ቀጥሎ ያለው፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው እያጨበጨበ ቢሄድ ጭብጨባው ክቡን ይዞራል፤ ከመቀመጫው የተነሣ ግን አንድም ሰው የለም። በሦስት ፌዝ ሞተር ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። ሦስቱ ከረንቶች እኩል ናቸው፣ ከፍ የሚሉበት ጊዜ ግን በሲሶ ዙር ይለያያል። የመጀመሪያው ጥምጥም ሲበረታ፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው፣ መስኩ በስቴተሩ ውስጥ እየተሸጋገረ ይዞራል። ይህን ጣሊያናዊው ጋሊሌዮ ፌራሪስ በ1885፣ ከእርሱ ጋር ሳይነጋገር ደግሞ ኒኮላ ቴስላ ደረሱበት፤ የቴስላ ፓተንት በ1888 ወጣ። ዛሬ በየወፍጮ ቤቱ ያለውን የሦስት ፌዝ ሞተር መልክ ያስያዘው ጀርመን አገር ይሠራ የነበረው ዶሊቮ ዶብሮቮልስኪ ነው፣ በ1889። እንግዲህ የሚዞረው መዳቡም ብረቱም አይደለም። የሚዞረው ተራ ነው፤ መቼ ማን እንደሚበረታ የሚወስን የጊዜ ቅደም ተከተል።

ለዚህ ምስክሩ ሞተሩ ጎን ላይ የተለጠፈችው ሰሌዳ ናት። 7.5 ኪሎ ዋት፣ 380 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 1440 ዙር በደቂቃ ትላለች እንበል። የአገራችን መስመር በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ሁለት ዋልታ ባለው ስቴተር ውስጥ መስኩ በደቂቃ 3000 ጊዜ፣ አራት ዋልታ ባለው 1500፣ ስድስት ዋልታ ባለው 1000 ጊዜ ይዞራል። ሰሌዳው ግን 1440 ነው የሚለው። 60 ዙር የት ገባ? አልጠፋም። ሮተሩ ከመስኩ ወደኋላ ስለሚቀር ነው መስኩ ዘንጎቹን እየቆረጠ የሚያልፈው፤ ሲቆርጣቸው ከረንት ይፈጠርባቸዋል፣ ያ ከረንት ነው የሚያስገፋቸው። ሮተሩ አንድ ጊዜ መስኩን ቢደርስበት ከረንቱ ይጠፋል፣ ከረንቱ ሲጠፋ ጉልበቱም ይጠፋል። ጭነት ሲበዛበት ወደኋላ የሚቀረው ይጨምራል፣ ከዚያ በተገኘው ከረንት ይበረታል። ይህን አሠራር ባሰብኩት ቁጥር ያስደንቀኛል፤ የሮተሩ ጉልበት ሁሉ የሚከተለውን ባለመድረሱ ላይ የቆመ ነው።

ያ ቅደም ተከተል ደግሞ መርካቶ ውስጥ አልተፈጠረም። ከጉባ፣ ከጊቤ፣ ከቆቃ ይመጣል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው የጉባው የሕዳሴ ግድብ ውኃው ተርባይኑን ሲያዞር ጄኔሬተሩ ውስጥ የሚዞረው ማግኔት ሦስቱን ጥምጥሞች በተራ ያነቃል፤ በዚያ ተራ የተነሡት ሦስት ከረንቶች መስመሩን ይዘው መጥተው መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ አጠገብ ባለ ስቴተር ውስጥ ያንኑ ተራ ይደግሙታል። ጄኔሬተርና ሞተር በመሠረቱ አንድ መኪና ናቸው፤ አንዱን ውኃ ያዞረዋል፣ ሌላው ወፍጮ ያዞራል። ከግድቡ የሚመጣው ውኃም ብረትም አይደለም፤ ጉልበትና ተራ ነው።

ተራ የሞተር ልብ መሆኑን ከተቀበልን የሞተሮችን ዓይነት በስም ዝርዝር ማስታወስ አያስፈልግም፤ አንድ ጥያቄ ይበቃል። ተራውን የሚለውጠው ማነው?

በአሻንጉሊት መኪና፣ በመኪና ማስነሻና በዝናብ መጥረጊያ ሞተር ውስጥ ተራውን የሚለውጠው ሞተሩ ራሱ ነው። ሮተሩ ሲዞር ኮሙቴተሩ አብሮ ይዞራል፣ የካርቦን ብሩሾቹ ከአንዱ የመዳብ ቅጠል ወደ ሌላው ይሸጋገራሉ፣ የከረንቱ አቅጣጫም በሰዓቱ ይገለበጣል። በእጅ የሚያዘው ድሪል፣ ብረት መቁረጫው ግራይንደር፣ ጁስ ቤት ውስጥ የሚጮኸው መፍጫም የዚሁ ወገን ናቸው፤ የቤት ኤሌክትሪክ እየተገለባበጠ ቢመጣም የስቴተሩና የሮተሩ ከረንት አብረው ስለሚገለበጡ ግፊቱ አቅጣጫውን አይስትም። ፈጣንና ቀላል ናቸው። ዋጋው መተሻሸት ነው፤ ብሩሽ ያልቃል፣ ኮሙቴተር ይጠቁራል።

በሦስት ፌዙ ተራውን የሚሰጠው መስመሩ ስለሆነ የሚተሻሽ ነገር የለም፤ ኩሽኔታው ከተጠበቀና ሙቀት ካልበዛበት ለዓመታት ይሠራል። ችግሩ ቤት ውስጥ ነው። ወደ ቤት የሚገባው አንድ ፌዝ ብቻ ነው፤ አንድ ከረንት ደግሞ ወዲያና ወዲህ ከመመላለስ በቀር የሚዞርበት አቅጣጫ የለውም። ለዚህ ነው በውኃ ፓምፕ ጀርባ ካፓሲተር የሚታሰረው፤ በሁለተኛው ጥምጥም የሚሄደውን ከረንት ጊዜውን አዛብቶ ሁለተኛ ተጫዋች ያደርገዋል። ካፓሲተሩ የሞተበት የጣሪያ ፋን ሲበራ ይጮሃል እንጂ አይነሣም። በእንጨት ጫፍ ቢገፉት ግን በተገፋበት በኩል ይሄዳል፤ ወደ ቀኝ ቢገፉት ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ቢገፉት ወደ ግራ። ጉልበት ነበረው፤ ያጣው ማን እንደሚቀድም ብቻ ነው።

አሁን ወደ ባለ ወፍጮው ሞተር እንመለስ። ሪዋይንዲንግ ሠራተኛው አሮጌውን ሽቦ ከመንቀሉ በፊት የሚያደርገውን እንይ። ሽቦው የሚገባበት ስሎት ስንት እንደሆነ ይቆጥራል፣ 36 ነው እንበል። አንዱ ጥምጥም ከየትኛው ስሎት ተነሥቶ የትኛው እንደሚገባ ይስላል። ከዚያ አንዱን ጥምጥም ሳይበታትን አውጥቶ ዙሩን በጣቱ ይቆጥራል፣ የሽቦውን ውፍረት በማይክሮሜትር ይለካል፣ የጫፎቹን አያያዝ በደብተር ይመዘግባል። ሽቦው ተቆርጦ ሲጣል የቀረው ደብተሩ ላይ ያለው ነው፤ አዲሱ መዳብ የሚገባው በዚያ መሠረት ነው። ሞተሩ ከሞት የሚነሣው ከዚያ ቁጥርና ሥዕል ነው። እንግዲህ ሞተርን ያው ሞተር የሚያሰኘው አቀማመጡ ነው ልንል እንችላለን።

ሆኖም ሁለት ነገር ይቃወመናል። አንደኛው ብረቱ ነው። የስቴተሩ ላሜራ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ባላቸው፣ እርስ በርሳቸው እንዳይነካኩ በተቀቡ ቅጠሎች የተደራረበ ነው። የደረቀውን ሽቦ በቀላሉ ለመንቀል ስቴተሩን ከልክ በላይ እሳት ላይ የጣለ ሰው ያንን ቅብ ያቃጥለዋል። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ልክ ቢሆን እንኳ በላሜራው ውስጥ ከንቱ ከረንት እየተሽከረከረ ብረቱን ያግለዋል። አቀማመጥ ብቻውን አይበቃም፤ አቀማመጡን የሚሸከም ቁስ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ይበልጥ ስውር ነው። ከሳውዲ የመጣ፣ ለ220 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ፓምፕ እንውሰድ። ቮልቱ ከእኛ ጋር ስለሚመሳሰል ማንም ሳይጠራጠር ይሰካዋል። 50 ኸርዝ ላይ ግን ብረቱ ከታሰበለት በ20 በመቶ የበለጠ መግነጢስ እንዲሸከም ይገደዳል፣ ከረንቱ ያለ ሥራ ያድጋል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ይቃጠላል። ሪዋይንዲንግ ሠራተኛው ዙሩን ቆጥሮ በታማኝነት ቢገለብጠው በታማኝነት የሚቃጠል ሞተር ይሠራል። ማድረግ ያለበት 50 ዙር የነበረውን 60 ማድረግ ነው፤ ሽቦው በትንሹ መቅጠኑን፣ ጉልበቱም መቀነሱን ተቀብሎ። እዚህ ላይ አሮጌውን ቁጥር የጠበቀው ሞተሩን አጠፋው፣ ቁጥሩን የለወጠው አዳነው። ስለዚህ ሞተርን ሞተር የሚያደርገው አቀማመጡ ለብቻው ሳይሆን አቀማመጡ ከሚመጣለት መስመር ጋር መስማማቱ ነው። ሞተር ብቻውን ምሉዕ ነገር አይደለም፤ ሌላው ግማሹ ያለው ጉባ ነው።

ከዚህ በመነሣት ባለ ወፍጮው "ሞተሬ" ማለቱ መቼ እውነት፣ መቼ ሐሰት እንደሚሆን መለየት እንችላለን። ባለ አንድ ሚሊ ሜትር ሽቦ ወጥቶ ባለ 0.9 ቢገባ ዙሩ ልክ ነው፣ አያያዙ ልክ ነው፣ ሞተሩ ሱቁ ውስጥ ሲሞከር ድምፁም ልክ ነው። ሽቦው ሲቆረጥ የሚታየው የገጹ ስፋት ግን በ19 በመቶ አንሷል፤ በዚያው ከረንት በጥምጥሙ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ወደ 23 በመቶ ገደማ ጨምሯል። የሽቦ ቅብ ደግሞ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግምት በግማሽ ያጥራል። የተወሰደበት ዕድሜው ነው። ገበያተኛው የሚያየውን ዕቃ አገላብጦ፣ አሽትቶ፣ ተከራክሮ ይገዛል፤ ከቫርኒሽ በታች ያለውን ግን አገላብጦ አያየውም። መርካቶን አምኖ ሞተሩን ለሚሰጥ ሰው ምክሬ አንድ ነው። የወጣው መዳብና የሚገባው መዳብ ፊትዎ ይመዘን፤ ዙሩና ሽቦው ካልተቀየረ ክብደቱም አይቀየርም።

ሠራተኛው ራሱ ምን ያውቃል? እጁ ለምዷል እንጂ ምክንያቱን አያውቅም የሚሉ አሉ። በዚህ አልስማማም። በአንድ ሱቅ በር ላይ የተከፈተ ስቴተር አይቻለሁ፤ ከ12ቱ የጥምጥም ክፍሎች 8ቱ እንደ ከሰል ጠቁረዋል፣ 4ቱ ወርቃማ ቀለማቸውን እንደያዙ በእኩል ርቀት ተሰልፈዋል። ባለቤቱ አዛውንት "መብራት እየመጣ እየሄደ ነው ያቃጠለው" ሲሉ ወጣቱ ሠራተኛ አቀርቅሮ አየና "አይደለም ጋሼ፣ በሁለት ፌዝ ሲሠራ ኖሯል። ፊውዝዎን ይዩት፣ አንዱ ሞቷል" አላቸው። እውነት ነው። በኮከብ የታሰረ ሞተር አንድ ፌዝ ሲጎድልበት ሸክሙ በሁለቱ ላይ ያርፋል፣ ሁለቱ ይነዳሉ፣ ሦስተኛው ንጹሕ ይቀራል። በሦስት ማዕዘን የታሰረ ቢሆን ግን 4 ጠቁረው 8 ይተርፉ ነበር። ሁሉም እኩል ቢጠቁሩ ጥፋተኛው ከመጠን ያለፈ ጭነት ወይም የወረደ ቮልቴጅ ነው፤ ቮልቴጁ በ20 በመቶ ሲወርድ የሞተሩ ጉልበት በ36 በመቶ ይወርዳል፣ ወፍጮው ግን የሚጠይቀውን አይቀንስለትም። ከአመዱ ተነሥቶ ወደ ምክንያቱ የሚሄድ፣ ይህ ቢሆን ኖሮ ያ ይታይ ነበር ብሎ የሚለይ ሰው ምክንያት አያውቅም ከተባለ፣ ማወቅ የሚባለው ምን ይሆን?

ፋራዴይም የአንጥረኛ ልጅ፣ የመጽሐፍ ጠራዥ ደቀ መዝሙር ነበር። የሂሳብ ትምህርቱ ጥቂት ነበር፤ መስመሮቹን በዓይነ ልቡናው አየ፣ በእጁ ፈተነ። ወደ ቀመር የለወጠው ማክስዌል ሲሆን ታላቁ መጽሐፉ የወጣው በ1873 ነው። ቀመሩ የሚሰጠው ነገር አለ፤ ከሳውዲ የመጣውን ፓምፕ ሳያቃጥሉ አስቀድሞ ማስላት። ያለ ቀመር ግን ቢያንስ አንድ ሞተር መቃጠል አለበት። በሱቁና በቴክኒክ ኮሌጁ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ መጥበብም አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ግን ከሁለቱም በኩል፣ ኮሌጁም የተቃጠለ ስቴተር ማንበብን ከሱቁ እንዲማር።

ይህ ጉዳይ አሁን አስቸኳይ ሆኗል፤ ተራ ሰጪው እንደገና እየተቀየረ ነውና። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካሳወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና መንገዱን እየሞላ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ሞተር ሮተሩ ላይ ጠንካራ ማግኔት አለው፤ ብሩሽ የለውም። ተራውን የሚሰጠው መስመሩ አይደለም፣ ኮሙቴተሩም አይደለም፤ የባትሪውን ከረንት በሴኮንድ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ እየቆራረጠ ሦስት ፌዝ የሚያደርግ ኢንቨርተር ነው። ጥምጥሙን ብቻ የሚያውቅ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቀው። የቀረው ግማሽ በሙጫ በተደፈነ ሳጥን ውስጥ ነው፤ የሳጥኑ ሥዕልም ከመኪናው ጋር አይመጣም። አስመጪዎች ሥዕሉን እንዲያመጡ መጠየቅ ቅንጦት አይመስለኝም።

ያም ሆኖ ሠራተኛው ባዶ እጁን አይደለም። ብሩሽ የሌለው የኤሌክትሪክ ባለ ሦስት እግር ሞተር ጠረጴዛው ላይ ቢወጣለት ሦስት ወፍራም ሽቦና ብዙውን ጊዜ አምስት ቀጭን ያገኛል። ሦስቱን ወፍራሞች ሁለት ሁለቱን እያደረገ ይለካቸዋል፤ እኩል መሆን አለባቸው። ከአምስቱ ቀጭኖች ሁለቱ 5 ቮልት የሚያስገቡ ናቸው፤ ሦስቱ ሮተሩ የት እንዳለ ለኢንቨርተሩ የሚነግሩ የሴንሰር ሽቦዎች ናቸው። 5 ቮልቱን ሰጥቶ፣ ቴስተሩን በአንዱ ላይ አኑሮ፣ ጎማውን በእጁ ቀስ አድርጎ ያዞራል። ቁጥሩ ይወጣል፣ ይወርዳል። ወደ ሁለተኛው ያልፋል፣ ወደ ሦስተኛው። ሦስቱም እንዲሁ ከወጡና ከወረዱ ሞተሩ ደህና ሳይሆን አይቀርም፣ የሚጠረጠረው ሳጥኑ ነው። አንዱ ቆሞ ከቀረ የሞተው ሴንሰር ያ ነው፤ እርሱን መቀየር ይችላል።